የተቆረጡት አያቶች

ሞላሌ ፎቶ ኮፒ ቤት የተቀጠርሁት ማመልከቻ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ባለቤቱ ጋሽ አሰፋ፣ «የፍቅር ታሪክ መጻፍ ትችያለሽ?» አሉኝ። ለገበያ ቀን የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍት ሊያወጡ አስበው ኖሯል።

«ሀብታምና ድሃ አድርጊያቸው፤ ወይም መጀመሪያ ተጠላልተው ኋላ የሚዋደዱ። ስምንት ገጽ ነው። ሰው እንዳትገድዪብኝ፤ በመጨረሻ ይጋቡ።»

ስምንት ገጽ ማለት ሁለት ወረቀት ለሁለት ታጥፎ መሐሉ በስቴፕለር ሲመታ ነው። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ደምሰው ይተይባል፣ ያባዛል፣ ያጥፋል። ደምሰው ዝምተኛ ነው። ጽሑፌ ሲረዝምበት ምን ልቁረጥ ብሎ አይጠይቅም፤ ይቆርጣል። በዚህ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል።

የመጀመሪያ ታሪኬን አንዲት ደንበኛ መልሳ አመጣችው። «ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ዘሩ ያልታወቀ ሰው እንዴት ትወደዋለች?» አለች። ጋሽ አሰፋ ሳቁብኝ። «መንዝ ነው ያለሽው፤ ዘር ቁጠሪላቸው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ አያት ቅድመ አያት እየፈጠርሁ መደርደር ሥራዬ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ደምሰውን ወደድሁት። መናገሩ ቢያሳፍረኝ ታሪክ አደረግሁት፤ እየተነታረኩ አብረው የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች። ስማቸውን ቀየርሁ። አያት መፍጠሩ ግን ስለሰለቸኝ ለልጅቷ የራሴን ዘር፣ ለልጁ ከጋሽ አሰፋ የሰማሁትን የደምሰውን ዘር እስከ ላይ ሰጠኋቸው። ደምሰው እንደ ሌላው ሁሉ ተየበው፣ አባዝቶም አጠፈው። ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር፣ የኔታ ክንፈ፣ አንድ ቅጂ ይዘው መጡ። ያነበበችው የልጅ ልጄ ናት አሉ፤ ቅጂው ግን ከራሳቸው መነጽር ጋር ከአንድ ኪስ ነው የወጣው።

«አንቺ ልጅ፣ ዘመድና ዘመድ ታጋቢያለሽ?»

«ምነው የኔታ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እነዚህን ከላይ ያሉትን ሁለቱን አያቶች አውቃቸዋለሁ፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።» ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ታች ቆጠሩ። «አምስት ቤት። ሰባት ሳይሞላ ጋብቻ የለም።»

ወንድማማቾች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። የኔታ የሚያወሩት ስለ መጽሐፉ ነው። እኔ ግን ስንት አያት እንደጻፍሁ መቁጠሩ እንኳ ሳይታወሰኝ፣ ደምሰውን እዚያው ቆሜ ያጣሁት መሰለኝ። ይህን ቀድሜ ባውቅ አልወደውም ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ውሸቴን ነው።

ደምሰው ከማባዣው ኋላ ተነሣ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔታ። ስምንቱ ገጽ አልበቃ ብሎኝ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት አያት ቆርጫለሁ።»

«እንግዲያውስ ሙሉውን ቁጠረው።»

የራሱን ቆጠረ። ቀጥሎ የኔን፣ ረቂቁን ሳያይ፣ አንድም ሳይስት። ወንድማማቾቹ ጋ ሲደርስ ስምንት ሆነ።

«ሰባቱን አልፏል» አሉ የኔታ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት አዩት። «የልጅቷን ዘር እንዲህ ማን አስጠናህ?»

ደምሰው በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። «ባለፈው ሰኔ ራቤል ድረስ ሄጄ የዚህችን አክስት ዘሯን አስቆጠርሁ። ታሪኩ ገና ሳይጻፍ ነው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልወቅ ብዬ ነው።»

ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። የኔታ መጽሐፉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሳቸው ሆኑ።

ከተጋባን በኋላ ጠየቅሁት። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ያስቆጠራቸውን አያቶች እንዴት ቆረጣቸው? «ስለ ልጁ መልክ የጻፍሽውን መቁረጥ አቃተኝ» አለኝ።

ዛሬ የከተማው ወጣቶች የፍቅር ታሪካቸውን በቴሌግራም ነው የሚለጥፉት፤ አንዳንዶቹ ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። የምላቸው አንድ ነው፦ ጽሑፍ ሲረዝምባችሁ፣ ምንም ቢያሳዝናችሁ፣ ስለ ልጁ መልክ የጻፋችሁትን ቁረጡ። አያቶቹን አትንኩ።