አርባ ፕለጊን የጫነው አቀናባሪ

ድምፅ ቀጂዋ የእህቷን ባል የናቀችው ዛሬ አይደለም። ስቱዲዮውን ከፍቶ እሷን በቀጠረ ሰሞን አንድ ከበሮ ላይ ፕለጊን የሚባል የኮምፒዩተር ድምፅ ማሳመሪያ ስድስት ደራርቦ «አሁን ነፍስ ዘራ» ሲል የሰማችው ቀን ነው ከዓይኗ የወደቀው። እሷ በቴፕ ዘመን ሥራ የተማረች፣ ማይክሮፎን ወዴት መዞር እንዳለበት በጆሮዋ የምትለይ ሴት ናት። እሱ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፕለጊን ሁሉ እየጫነ፣ አቀናባሪ ነኝ እያለ የሚንጎራደድ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር መጡ። ሠላሳ ዓመት ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰው ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው፤ ለሟች ባለቤታቸው የገጠሟትን ዘፈን መቅዳት ፈልገዋል። ኮምፒዩተሩ ግን አርባ ፕለጊን መሸከም አቅቶት ድምፁ ይንጣጣ ጀመር። አቀናባሪው መንጣጣቱን ለማጥፋት ማሽኑ ድምፅ የሚያቆይበትን ጊዜ እስከ ጥግ ጨመረው። መንጣጣቱስ ቆመ፤ የሴትዮዋ ድምፅ ግን ማዳመጫቸው ውስጥ የሚደርሰው ከአፋቸው ከወጣ ከቆየ በኋላ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቴም ተደናገሩ።

«እማማ፣ ምቱን እየሳቱ ነው» አላቸው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሴትዮዋ ማዳመጫውን አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ጆሮዬ ደክሞ ይሆናል» አሉ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ድምፅ ቀጂዋ ከዚህ በላይ መቻል አልሆነላትም።

«ተነስ» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«የጫንከውን ላራግፍ።»

ሃያ አራት ትራክ፣ ማለትም የድምፅ መስመር፣ በእያንዳንዱ ላይ ያው አንድ ዓይነት የማስተጋቢያ ፕለጊን። ባዶው ትራክ እንኳ አልቀረለትም። ሃያ ሦስቱን ፕለጊን አጥፍታ ትራኮቹን ሁሉ ወደ ቀረው አንድ ማስተጋቢያ መራቻቸው። ተቀድተው ያለቁትን መሣሪያዎች እንዳሉ ወደ ድምፅ ፋይል ቀይራ ፕለጊኖቻቸውን ዘጋች። የድምፅ ማቆያ ጊዜውንም መልሳ አሳነሰችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

«እማማ፣ የእርስዎ ጆሮ ደህና ነው። ማሽኑ ነው የዘገየብዎ።»

ሴትዮዋ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ዘፈኑ፤ ያው በቃ።

«አየሽ፣ ማሽኑ ሲሞቅ ይስተካከላል» አለ አቀናባሪው።

በወሩ ሥራውን ለቀቀች። እሱ ደግሞ «ይህ ኮምፒዩተር አይመጥነኝም» ብሎ አዲስ ገዛ፤ ሳምንት ሳይሞላው ያም ይንጣጣ ጀመር። እህቷ ደውላ «እባክሽ መጥተሽ እይልን» አለቻት።

«ማሽኑን ነው ባልሽን?»

እህቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።