የሁለት ልጅ ጋሪ

የካዛንቺሷ ጎረቤቴ ሰናይትን፣ ዱባይ ያለው ባሏ ከነልጆቿ በመርከብ ሊያዝናናት ጠራት። ሁለት ልጅ የሚይዝ ጋሪ ልትመርጥ እኔንም ከነልጆቼ ኡራኤል አንድ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። የእኔም ልጆች የእሷዎቹን ያህል ስለሆኑ፣ "እስቲ ባንቺዎቹ እንሞክረው" ብላ ጋሪው ላይ አስቀምጣ አዞረቻቸው። በቃ፣ አንወርድም ብለው ለቅሶውን አቀለጡት! ባለሱቁ ደግሞ፣ "እህት፣ ላንቺስ አንድ ላውጣ?" አይለኝም! አንዱን በማዘያዬ አዝዬ ሌላውን እየጎተትኩ ወጣሁ። በቅናት ድብን አልኩ።

የጉዞዋ ዕለት መጥታ፣ "ጋሪው ካልተመቸኝ ማዘያሽን አውሺኝ" አለች። አጣጥፌ ሰጠኋት።

ከመርከቡ ፎቶ ላከች። ጋሪው ላይ ሻንጣ ተቆልሏል፤ ትንሹ ልጇ ጀርባዋ ላይ በእኔ ማዘያ ተኝቷል፤ ከኋላቸው ባሕር።

ባሌ፣ "ይኸው፣ ጋሪው ምንም አልሠራላትም። አሁንስ ደስ አለሽ?" አለኝ።

ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ማዘያዬ እንኳን ከእኔ ቀድማ ባሕር አየች!