የመኪናዋ ባለቤት ማን ነው?

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ፣ ገና የሁለት ልጆች እናት ሳለሁ ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ለኔ ግን ትናንት ይመስለኛል። ልጽፈው የተነሳሁት የልጅ ልጆቼ «በናንተ ጊዜ ሴት አፏን ዘግታ ነበር የምትኖረው አይደል?» እያሉ ስላናደዱኝ ነው። ማን ነው የዘጋው? እስቲ ስሙኝ።

አባቴ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የአንድ ግሪክ ነጋዴ ሾፌር ነበር። ነጋዴው ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ፣ አባቴ ለብዙ ዓመት የነዳትን ጣሊያን ሠራሽ ጥቁር መኪና «ላንተ ትሁን» ብሎ በስሙ አዛወረለት። ትንሽ ናት፤ አራት ሰው ከገባ አምስተኛው ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው። አባቴ ግን ከኔ፣ ከአንድ ልጁ፣ ለይቶ አያያትም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላታል። ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ስር አቁሞ ጆንያ ያለብሳታል። ከሌላ መኪና የመጣ አንድ ቡሎን እንኳን እንዲገባባት አይፈቅድም። ቀለሟ ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀባችው ነው። በስተቀኝ ያለው በሯ ላይ፣ ከጀልዴሳ እንጨት ጭኖ የመጣ ግመል ታክኳት ሲያልፍ የተወው ረጅም ጭረት ነበር። እሱንም አላስነካም።

«አባዬ፣ ጭረቱን እንኳ አስቀባው» ስለው፣ «አንቺ ደግሞ! ሰው ደቻቱ ጠጥታለች እንዲለኝ ነው?» ይለኛል።

ድሬ ላልኖረ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው የወንዝ አሸዋ ነው። ደርቆ ይከርምና፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንገት ደራሽ ውሃ ይዞ ይመጣል። አሸዋው ላይ መኪና ካገኘ አይምርም። ታዲያ አንዳንዶች ከውሃ የተረፈችውን መኪና ጭቃዋን አጥበው፣ ከላይ አዲስ ቀለም ቀብተው፣ ምንም ለማያውቅ ገዢ ይሸጣሉ። ስለዚህ የኛ ሰው ቀለሟ የሚያብረቀርቅ አሮጌ መኪና ሲያይ «ደቻቱ ጠጥታለች» ብሎ ይጠረጥራል።

አባቴ መንዳት ያስተማረኝም እዚያው ደረቁ አሸዋ ላይ ነው። «የሚገጨው ነገር የለም፣ አትፍሪ» እያለ። ሲሞት መኪናዋን ለኔ ተናዘዘ። ሊብሬው በስሜ ዞረ። ቁልፉና ሊብሬው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቦርሳዬ ወጥተው አያውቁም።

የልጆቼ አባት መኩሪያ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ አመል ግን ነበረበት። በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫቱ ምርቃና ላይ ካደረሰው፣ ቃል የማይገባው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ሠርግ በሬ አመጣለሁ ብሎ ምሎ ተገዝቶ፣ በማግስቱ እኔን «ለመሆኑ በሬ የት ይገኛል?» ብሎኛል።

እኔ ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ልብስ እሰፋ ነበር። ጠዋት አጎንብሼ እገባለሁ፣ ማታ አንገቴ ደርቆ እወጣለሁ። የራሴን ስፌት ቤት መክፈት ከልቤ የማይወጣ ሐሳብ ሆነብኝ። ለዚህ ከመኪናዋ ሌላ የምሸጠው ነገር አልነበረኝም። ስንት ቀን አልቅሼ በመጨረሻ ቆረጥኩ። ለመኩሪያ ስነግረው «ለኔ ተይው፣ ገዢ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

«ገዢ አምጣ። ዋጋ የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺ ማለት ለመኩሪያ ምን ገዶት!

ወሩ ግንቦት ነው። አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ የግቢያችንን በር አንድ ፒካፕ ዘግቶት ቆሟል። በጎን ሾልኬ ገባሁ። መኪናዬ ከጥላው ተገፍታ ወጥታ፣ ጆንያዋ ተገፎ፣ ፀሐይ ላይ ተገትራለች። አጠገቧ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ተቀምጧል። አንድ ቀለም ቀቢ ሸካራ ወረቀት ይዞ ኮፈኗን ሊፍቅ ተንበርክኳል። መኩሪያና የበርጫ ጓደኛው ጣሰው፣ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፣ ቆመው ያያሉ።

«ምንድነው የሚደረገው?» አልኩ።

የመለሰልኝ ጣሰው ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ አስኩ! መኪናሽን እኔ ገዛኋት። ቀይ አስቀብቼ አዲስ አበባ እወስዳትና እንደ አዲስ እሸጣታለሁ።»

«ከማን ነው የገዛኻት?»

«ከመኩሪያ ነዋ። ትናንት በርጫ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃሉን ሰጥቶኛል።»

ተስማማን ያለውን ዋጋ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። የጎማዎቿን እንኳ አያህልም። ሳቄ ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። መኩሪያን አየሁት፣ እሱ ጫማውን ያያል።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደግሞ አንዴ ቃል ከአፌ ወጥቷል። በናትሽ አስካለ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ደሜ ፈላ። «ቃሉ ያንተ ነው፣ መኪናዋ የኔ ናት። ቃልህን ስጠው!» አልኩት።

ቀቢው ግራ ገብቶት እጁን ሰብሰብ አደረገ። ጣሰው «ቀጥል አንተ፣ ሴት ስትጮህ አይተህ አታውቅም እንዴ?» አለው።

እዚህ ላይ ነው እልህ የያዘኝ። ቁልፌን አወጣሁ፣ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ነድቼ እንዳልወጣ ፒካፑ መንገዱን ዘግቶታል። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፈት አደረግኩና ቀቢውን «አንተ፣ የምትፍቃት ከሆነ እኔንም አብረህ ቀይ ትቀባኛለህ፤ እኔ አልወርድም» አልኩት።

የድሬን የግንቦት ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቁር መኪና ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ! መሪውን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቀሚሴ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። ቶሎ ወደ ሥራዬ ካልተመለስኩ የሱቁ ጌታ እንደሚያባርረኝም አውቃለሁ። ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ወርጄ ምሳ ላቀርብላቸው? በፍጹም!

ሰፈሩ ወሬ ሰምቶ ግልብጥ ብሎ መጣ። መኩሪያ በመስኮቱ በኩል ይለምነኛል። ጣሰው ጥላ ስር ሲጋራውን እያጨሰ «ተዋት፣ ሲሞቃት ራሷ ትወጣለች» ይላል። ጎረቤቴ ፋጡማ በቀጭኗ ክፍተት ውሃ ልታጠጣኝ ስትሞክር ግማሹን አገጬ ላይ አፈሰሰችው።

«አቦ አስካለ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ!»

«አልሞትም። እኚያን የነገርሽኝን አጎትሽን፣ መኪና የሚፈልጉትን፣ አሁኑኑ ጥሪልኝ።»

ፋጡማ ሌላ ቃል አልጠየቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ፣ ገበያው ወዳለበት ወደ መጋላ ሮጠች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ለኔ ዓመት ነው የመሰለኝ። ዓይኔ ብዥ ማለት ሲጀምር በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ።

የፋጡማ አጎት ሀጂ ዑመር ናቸው። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ካሚዮኖች የሚያሠሩ ሱማሌ ነጋዴ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ የቀለሙን ጣሳ ነው። «ይሄ ምንድነው? ማነው ይቺን የሚቀባት?» ብለው ተቆጡ። እኔ የወዲያኛውን በር ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ገለጡ። ጣታቸውን ከወንበሩ ስር ሰደዱ፣ አሸተቱ። ጥግ ጥጉን ሁሉ ዳበሱ።

«ባለፈው የገዛኋት መኪና ቀለሟ ሙሽራ ነበር የምትመስለው» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ወላሂ፣ በሩን ስናስፈታው ደለል ወጣ! ደቻቱ ጠጥታ ነበር። ይቺ ግን አልቀመሰችም። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት።» የግመሉን ጭረት በመዳፋቸው እያሻሹ ደግሞ ሳቁ። «ይሄንን ያልደበቀ ሌላ ምን ይደብቃል?»

ከዚያ ቀና አሉና «ሀየ፣ እሺ፣ ባለቤቱ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በጣቱ መኩሪያን አሳየ። መኩሪያም ደረቱን ነፋ አድርጎ «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለ።

ሀጂ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «የማን? የሴትየዋ ነው የመኪናዋ?»

መኩሪያ «የ... የሁለቱም» አለ።

በዚህ ጊዜ ወረድኩ። ምድር ዞረብኝ፣ በሩን ተደገፍኩ። ሊብሬውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሀጂ አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው ላለው ሰው አቀበሉት። ያ ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀቢው! ሸካራ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሰምተዋል ሀጂ?» አልኩ። «እሱ የኔ ባለቤት ነው፣ አልካድኩም። የመኪናዋ ባለቤት ግን እኔ ነኝ። መኪናዋ ባል የላትም!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጣሰው ብቻ አልሳቀም። «ቃል የተሰጠኝ እኔ ነኝ!» ብሎ ሲንጨረጨር፣ ሀጂ «ዋሪያ፣ ስማ አንተ፣ ቃል የሰጠህን ሰውዬ ያዝ። እኔ ቃል አልገዛም፣ መኪና ነው የምገዛው» አሉት። ጣሰው የቀለም ጣሳውን አንስቶ ፒካፑን እያስጓራ ወጣ። ቀቢውን እንኳን ረስቶት ነው የሄደው።

ሀጂ ግን ነጋዴ ናቸው። «ቀለሟ እኮ አሮጌ ነው፣ ትንሽ ቀንሽ» አሉኝ።

«አሁን እኮ አሮጌነቷን ነው የወደዱት!» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁና በቆረጥኩት ዋጋ ተስማሙ። እስከ መጋላ ማን ይነዳታል ሲባል «እኔ» አልኩ። ሀጂ አጠገቤ፣ ፋጡማ ከኋላ፣ በከዚራ ዛፎች ስር ቀስ ብዬ ነዳኋት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ያ ሁሉ ጀግንነቴ የት እንደገባ እንጃ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሀጂ እንዳላዩ ሆነው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ስወርድ የግመሉን ነገር አጫውቻቸው «እንዳያስቀቧት» አልኳቸው።

«ግመል ያኛውን በር እስኪጭረው አልቀባትም» አሉኝ።

መኩሪያ ከዚያን ቀን ወዲያ አኮረፈኝ። ምግብ ይበላል፣ አያወራም። ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው «ልጃችን፣ ባልሽን ሰው ፊት አሳፍረሻል፣ ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

«ምን ብዬ ልጠይቅ?» አልኳቸው። «የራሴን ስለሸጥኩ ይቅርታ ልበል? ወይስ በነጻ ስላልሰጠሁ?» አንደኛው ዝንጅብል ያለበት ሻይ እንዳለ ጠየቀኝ። በዚሁ አለቀ።

በሳምንቱ ሦስት የእግር መኪና፣ የስፌት ማለቴ ነው፣ ገዝቼ መጋላ አፋፍ ላይ ቤት ተከራየሁ። የባቡር ጣቢያ ወሬኛ ደግሞ ለመኩሪያ «ሚስትህ አንዷን ሸጣ ሦስት መኪና ገዛች» ብሎ ነግሮታል። ሰውዬው ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጥቶ ግቢውን አየ፣ ከቤቱ ጀርባ ዞሮ አየ፣ ደጅ ወጥቶ መንገዱን አየ። «የታሉ?» አለኝ እያለከለከ። ስነግረው ሳቁ አመለጠው። ስለሳቀ ደግሞ ተናደደ። ግን ያን ማታ አወራኝ።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ከሞተ ቆየ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እወደው ነበር። ጓደኞቹ ፊት ስላፈረ አዝናለሁ፣ ያንን አልደብቅም። ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን እዚያች መኪና ውስጥ መልሼ እቀመጣለሁ። ያን ቀን ወርጄ ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስሰፋና እሱን ሳማርር እኖር ነበር።

ሴቶች ልጆቼን ስድር ለእያንዳንዳቸው የስፌት መኪና ገዝቼ፣ ደረሰኙን በየስማቸው አስጽፌ ሰጥቻለሁ። የታላቋ አማት ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «አንድ ቤት ሆነው ስም መለየት ለምን አስፈለገ?» አሉኝ።

«አንድ ቤት ከሆነ በሷ ስም ቢሆን ምን ይጎድላል?» አልኳቸው።

ልጄ ደረሰኙን ከእጃቸው ተቀብላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።