የወንድሜ የውሸት በሽተኞች

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ሊቁ» ይለዋል። እኔ አብሬው ስላደግሁ አልሸወድም። የሚሠራው ሆስፒታል ነው፣ ኮምፒውተር ክፍል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ሰው እፈጥራለሁ» ይላል። አይ ድፍረት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታሉን የተራ መያዣ ፕሮግራም ለመሞከር የውሸት በሽተኞች ያስፈልጋሉ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የልደት ቀን እየፈበረከ የሚሰጥ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። ትእዛዞቹ ግን መዓት ናቸው፤ የቱ ስልክ፣ የቱ አድራሻ እንደሚያወጣ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ወንድሜ ሌላ ፕሮግራም ሠራ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት «ስልክ» ብለው ሲጽፉለት ትክክለኛውን ትእዛዝ ከነምሳሌው ፈልጎ ይናገራል። የውሸት ማውጫ በሉት።

ከዚያማ በጉራ አላስበላን አለ። «የኔን በሽተኞች ከእውነተኛ ሰው ከለያችሁ ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀሉ!» ይላል እራት ላይ።

እማዬ ደግሞ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት፣ እዚያው ሆስፒታል የኦፕሬሽን ተራ ስትጠብቅ ከርማለች። «ደረሰልኝ እኮ፣ የልጅ ልጄን መልክ ላየው ነው» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች።

ይኸውላችሁ፣ ሊቁ አንድ ቀን የውሸት በሽተኞቹን መሞከሪያው ላይ በመልቀቅ ፋንታ ዋናው ፕሮግራም ላይ ለቀቃቸው። ሐኪሙ ቢያስጠራ ቢያስጠራ የሚገባ ጠፋ። አለቃው «ዛሬውኑ አጽዳልኝ፣ አለዚያ ዕቃህን ሰብስብ!» አለው። እስቲ ይለያቸዋ! ሲጨንቀው ጊዜ «በዚህ ዘመን እውነተኛ ሰው ስልክና የልደት ቀን አያጣም» ብሎ ደመደመና፣ እነዚህ የሌሉትን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጠረጋቸው። አይ አንጎል! የውሸቶቹ እኮ ምንም አይጎድላቸውም፤ ማውጫውን እየጠየቀ ሁሉን አሟልቶ የፈጠራቸው እሱ ራሱ ነው። የሚጎድለንስ እኛ ነን።

በማግስቱ እማዬን ደግፌ ወሰድኳት። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሯን ፈትሻ ፈትሻ፣ «እማማ፣ እዚህ የሉም» አለች። «የተወለዱበት ቀን መቼ ነው?»

«ዝናብ የጣለ ዕለት ነው አሉ።»

«ስልክስ?»

«ምን ያደርግልኛል? የፈለገኝ ቤቴ ይመጣል።»

«እንግዲህ እንደ አዲስ መመዝገብ ነው፤ ተራው ግን ሩቅ ነው፣ ከፊትዎ ብዙ ሰው አለ።»

ዞሬ አየሁ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ደሜ ፈላ፤ የመዝጋቢዋን መስታወት ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። እማዬ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ተይ፣ አትቆጪ» አለችኝና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የለሁም አይባልም። ልጄ እዚሁ ነው የሚሠራው። እሱን ጠይቂልኝ፣ ያውቀኛል።»

ልጇ ከመዝጋቢዋ ጀርባ ቆሟል። እማዬ አላየችውም።