ጠብ የማትል ከረጢት

ባሌን በሥራ ቦታው «ቋጠሮ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ላቦራቶሪ ውስጥ አብራው የምትሠራው ባልደረባው ናት፤ አፏ ይባረክ! እኔ አብሬው ስኖር ያልመጣልኝን ስም እሷ በአንዴ አገኘችለት። ይህ ሰው ቁልፉን በፌስታል ይቋጥራል። ምሳ ዕቃውን በሦስት ፌስታል ደራርቦ ይቋጥራል። ወሬማ ከሆነ ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ ቁጭ ነው። እናቱ ታማ መተኛቷን የሰማሁት ድና ከተነሣች በኋላ ከራሷ አፍ ነው። «ምነው አልነገርከኝም?» ብዬ ስጠይቀው «ዳነች አይደል እንዴ!» አለኝ።

ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው የደረሰው ሥራ ምን ይመስላችኋል? ከረጢት መሥራት! ከረጢት ስላችሁ ሽንኩርት የሚያዝበት እንዳይመስላችሁ፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። መድኃኒት ተሞልቶበት በደም ሥር ይሄድና ሕመሙ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይከፈታል ነው ሐሳቡ። ከቅባት ብቻ ሲሠሩት ለስላሳ ይሆናል፤ ግን ውሎ ሳያድር ያፈሳል። አንድ ጫፉ ውሃ የሚወድ፣ ሌላ ጫፉ ውሃ የሚጠላ ፖሊመር የሚሉት የላስቲክ ዘመድ አለ፤ ከሱ ብቻ ሲሠሩት ደግሞ ጠንካራ ይሆናል፤ ግን ችክ ያለ ነው፣ እንደ ባሌ። ስለዚህ ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል። አለቃው «አደራህን፣ ፖሊመሩን ከግማሽ እንዳታሳልፍ» ብለውት ነበር።

ከዚያ ለላቦራቶሪው ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ሙከራው ከሰመረ የባሌ ውል ይታደሳል፤ ካልሰመረ ኮቱን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ነው። ይህን ሁሉ ኋላ የነገረችኝ ያቺው ባልደረባው ናት። እሱማ ምን በወጣው!

በቀኑ ከረጢቶቹን ቀለም ሞልቶ አቀረበ። ቀለሙ ታጭቆ ሳለ ደብዛዛ ነው፤ የሚያበራው ሲወጣ ነው። መደርደሪያ ላይ የሰነበቱትን አሳየ፤ ቢታዩ ድብዝዝ እንዳሉ ናቸው፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ አለቃው ሰውነታችን ውስጥ ቅባት የሚበላውን ኢንዛይም ጠብ አደረጉበት። አሁን ተከፍቶ ቦግ ይላል ተብሎ ተጠበቀ። ምንም የለም። ደገሙበት፤ ወይ ፍንክች! አንዱ እንግዳ አዛጋ። ለካ ጌታዬ ያፈስብኛል ብሎ ሲፈራ፣ ከሰው ተደብቆ ፖሊመሩን ትንሽ ትንሽ ሲያክልበት ኖሯል። ኢንዛይሙ የሚነክሰው ቅባት አጣ። ይባስ ብሎ «ጥንካሬውን አያችሁልኝ?» አይላቸው መሰላችሁ!

«ጥንካሬውስ ግሩም ነው» አለች አንዲት እንግዳ፣ «በሽተኛው ከነመድኃኒቱ ይቀበራል።»

በማግስቱ ውሉ እንደማይታደስ ነገሩት። እሱ ግን ለኔ ትንፍሽ አላለም። ጠዋት ጠዋት ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ቋጥሮ መውጣቱን ቀጠለ። አንድ ቀን ባልደረባውን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። «አይዞሽ፣ ሌላ ሥራ ያገኛል» አለችኝ።

«ማነው የሚያገኘው?» አልኳት። ደነገጠች፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ከነመድኃኒቱ ይቀበራል የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ግን እንባዬ መጣ። ለሥራው አይደለም። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን እኔ የማልታመን መሆኔ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» አልኩት።

«ደኅና ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! «የምትነግረኝ ነገር የለም?»

«የምን ነገር?»

እንግዲያው ቻለው አልኩና ጠዋት ምሳ ዕቃውን ሾርባ ሞላሁለት። ክዳኑን ላላ አድርጌ ገጠምኩት። ፌስታሎቹንም አስቀድሜ ሦስቱንም ከሥራቸው በመርፌ ጠቅጥቄ መሳቢያው ውስጥ ከላይ መልሻቸው ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ደራርቦ ቋጠረና ወጣ።

ገና ረፋዱ ላይ በሩን ከፍቶ ገባ። ቦርሳው፣ ሱሪው፣ ጫማው ሳይቀር በሾርባ ርሷል።

«ምነው በዚህ ሰዓት?» አልኩት።

«አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ» አለ። የራሰ ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው። «እንዲህ ሆኜ የት ልሂድ? የምሄድበት የለኝም እኮ። አባረውኛል።» አለና በሩ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉንም ተውኩት። ሾርባው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እናቴም ስትታመም» አለኝ፣ «ላንቺ ከነገርኩሽ እውነት የሚሆን እየመሰለኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ይህን ሰው ስንት ዓመት ሳማው ኖርኩ፤ ፈሪ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እጁን ያዝኩት።

ቆይቶ ፌስታሎቹን አነሣና በብርሃን አያቸው። «ሆን ብለሽ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

ተነሥቶ መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ፌስታሎች በሙሉ አፍሶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተታቸው። አንዷን ግን ለቁልፉ አስቀራት።