ሲነኩት የማይዘጋ ዛጎል

ረቡዕ፣ ኅዳር ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ አሰላ።

ዛሬ የአጎቴ አርባ ነው። ኦጎልቾ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ከብቶቻቸውን ሲያወርዱ፣ አስቀድመው ከዳርቻው ጭቃ በሕይወት ያለ ዛጎል ለቅመው በሐይቅ ውሃ በተሞላ ጣሳ ያስቀምጡ ነበር። አፉን ሲከፍት በጣታቸው ይነኩታል። ቶሎ ከተዘጋ ከብቶቹ ይጠጣሉ፤ እንደ ተከፈተ ከቀረ ሳይጠጡ ይመለሳሉ። ኬሚስትሪ ተምሬአለሁና በልማዳቸው ለዓመታት ስቄአለሁ።

ባለፈው ሰኔ አብሬያቸው ወረድኩ። በአቅራቢያው ያለ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች የፈንጂ ኬሚካል የነበረባቸውን ጆንያዎች ወደ ሐይቁ በሚገባው ጅረት ያጥቡ ነበር፤ እህል ሊሞሉባቸው! ዳርቻውን የሞቱ ዛጎሎች ሞልተውት ነበር። አጎቴ ጣሳቸውን ይዘው ወደ ሠራተኞቹ ቀረቡ።

«አባባ፣ ለዛጎል ለቅሶ ሊቀመጡ ነው?» አለ የሠራተኞቹ አለቃ።

አጎቴ ጣሳውን ዘረጉለት። «እንግዲያው ውሃውን አንተ ቅመሰው።»

ሰውየው ስቆ ከያዘው የታሸገ ውሃ ተጎነጨ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?»

«ሳይመረመር መናገር አይቻልም» አልኩ።

«ይኸው፣ ምሁሩም መሰከሩ!» ብሎ አለቃው አጨበጨበ።

የሰውየውን ሳቅ እጸየፋለሁ፤ የራሴን መልስ ግን የበለጠ እጸየፋለሁ። አጎቴ የተጠሙትን ከብቶች ይዘው ተመለሱ።

አሁን በዳርቻው ጣሳ የሚይዝ የለም፤ ከብቶቹም ውሃው ሳይፈተን ይጠጣሉ። ያን ቀን ከሐይቁ የቀዳሁት ውሃ በጠርሙስ እንደ ታሸገ መደርደሪያዬ ላይ አለ። እስከ ዛሬ አላስመረመርኩትም፤ ዛጎሎቹን የገደላቸውም ነገር አልታወቀም።