የእናቴ ጠላ ምን ምን ይላል

ባለቤቴ ቢራ ቀማሽ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፤ ቀማሽነቱን የሾመው ራሱ ነው። እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ከፍኖተ ሰላም ግሮሰሪዎች የለቃቀማቸውን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ቀለሙን ያያል፤ አረፋውን ይመረምራል፤ አፍንጫውን ከትቶ ያሸታል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይጎነጫል። «ይሄኛው መጨረሻው ላይ መረር ይላል፤ ግን ምላስ ላይ አይቆይም» ይላል። ከዐሥር ስንት እንደሚሰጠው እስኪወስን ድረስ እኔ የአንድ ክፍል የሒሳብ ፈተና አርሜ እጨርሳለሁ። «ለአንድ ጠርሙስ ይሄን ያህል ካሰብክ እኔን ስታገባ ምን ያህል አሰብክ?» እለው ነበር። ይስቃል።

በሱ ማሾፌን የተውኩት እናቴ አፍንጫዋን ያጣች ጊዜ ነው።

እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ክረምቱ ሲወጣ ክፉ ጉንፋን ይዟት ሰነበተ፤ ተሻላት ሲሉኝ ልጠይቃት ሄድኩ። ከጋሪው ወርጄ በእግሬ ደረስኩ። የሽሮው ማረር ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሸተተኝ። ስገባ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ፥ ድስቱ ከጉልበቷ ሥር ሆኖ፥ ባቄላ ትፈለፍላለች። «እማዬ፥ ወጡ አርሯል እኮ» አልኳት። ክዳኑን አንሥታ አየች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፥ ታገሡ ተባልን።

የሚያስጨንቃት ወጡ አልነበረም። ጠላው ነው። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ የአባቴን ቦታ ይዛ ስንት ዘመን ተራዋን ደግሳለች። በኛ አገር ሰው የሴትን ሙያ የሚመዝነው በጠላዋ ነው። ተራዋን መደገስ ያቃታት አሮጊት ደግሞ ከማኅበሩ አትባረርም፤ ይባስ ብሎ ይታዘንላታል። «አንቺ እረፊ፥ እኛ እንደግስልሻለን» ትባላለች፤ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ጽዋውን ሌሎች ያሳልፉላታል። እናቴ ይሄን ከሞት እኩል ትፈራው ነበር። «ጋኔ የተደፋ ዕለት እኔም አብሬ እደፋለሁ» አለችኝ። ዕንባ የለ፥ ምን የለ፤ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

ተራዋ ቀርቧል። ስለዚህ መከርን፤ አፍንጫዋ እኔ እሆናለሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠላ እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው አይደለሁ? ግን እናቴ ጎረቤት ያመጣላትን ጠላ ቀድታ «ምን ምን ይላል?» ስትለኝ «ጠላ ጠላ ይላል» አልኳት። «ጉድ ነው» አለች፤ «መምህር ነኝ ትላለች ደግሞ።» አፈርኩ። ቤቴ ስመለስ ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ፥ ያን ሁሉ ሳሾፍበት የኖርኩትን ሙያ አስተምረኝ አልኩት። ምን ያህል ደስ እንዳለው መናገር አያስፈልግም። «መጀመሪያ አሽቺ» አለ። «ከዚያ ትንሽ ጎንጭ በይ። አትዋጪ፥ አፍሽ ውስጥ አቆዪው። የመጣልሽን የመጀመሪያ ነገር ተናገሪ፤ ሞኝነት ቢመስልሽም።»

ከዚያ ወዲህ እሑዳችን ተለወጠ። ቢራው ወደ ጥግ ተገፋ፤ ከየጠላ ቤቱ፥ አንዳንዴም ከማንኩሳ ገበያ ሳይቀር፥ በላስቲክ ጠርሙስ ጠላ መጣ። እየቀመስኩ ለእናቴ ስልክ እደውላለሁ። «እማዬ፥ ይሄኛው እርጥብ አፈር አፈር ይላል።» «ጋኑን በግራዋ አላሹትም፤ ሻግቷል። ትፊው።» «ይሄኛው ደግሞ ጉሮሮ ይቧጥጣል።» «ጌሾ አብዝታለች፤ ቸኩላ ነው። ሌላስ?» «የተቆላ በቆሎ በቆሎ ይላል፥ ጥሩ ነው።» «አየሽ፥ አሻሮዋን አሳምራ ቆልታለች። ማን ናት?» ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ከዐሥር ሰባት ተኩል ይላል። እናቴ ይሄን ነጥብ ስትሰማ ትናደድ ነበር፤ «ግማሹን ለማን አስቀረው?» ትላለች። ከእናቴ ጋር በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ሰሞን አውርተን አናውቅም። ከአባቴ ሞት ወዲህ ስንደዋወል «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ነበር ወሬያችን። አሁን ስለ አንድ ጣሳ ጠላ ካርዱ እስኪያልቅ እናወራለን።

የማኅበሯን ጠላ ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ አብረን እንሠራዋለን ተባብለን ነበር። እኔ በፈተና ስያዝ አልጠበቀችኝም። አንድ ቀን ደውላ «ከድኜዋለሁ» አለችኝ። «ምኑን?» «ጠላውን።» ደሜ ፈላ። ስንት እሑድ የተማርኩትን ትምህርት ምን ላደርገው ነው? «እጄ ያውቀዋል» አለችና ዘጋችው። ልማዷ ነው፤ ክርክር ሊጀመር ሲል ኔትወርኩ ይጠፋል።

የማኅበሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። የዳጉሳ ጠላ ነው፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ፥ የጠራ። ቀድታ ሰጠችኝና ከፊቴ ተቀምጣ አፌን አፌን ታየኝ ጀመር። አሸተትኩ። ጎነጨሁ፤ አቆየሁት። ጌሾው ልክ ነው። አሻሮው ልክ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጭስ ነበር፤ የወይራ ጭስ፥ ምላስ ላይ የሚቀር።

«ምን ምን ይላል?» አለችኝ።

ዋንጫውን አስቀመጥኩ።

«ለኔ ብለሽ እንዳትዋሺኝ። ውሸት እንደሆነ ከጎረቤት አላጣም።»

«ጭስ ጭስ ይላል» አልኳት። «በጣም።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ። ሁልጊዜ ጋኑን በወይራ ስታጥን አፉን እያሸተተች ነው የምታቆመው፤ ጭሱ ከመክረሩ በፊት አንድ የሚጣፍጥ ሽታ አለ፥ እሱን ስታገኝ ታነሣዋለች። አሁን እሱን ማግኘት ስላልቻለች በዓይኗ ለካችው። ፊቷን ጋኑ አፍ ላይ ደፍታ ዕንባዋ እስኪመጣ ጠበቀች። ዕንባዋ ግን አልመጣ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ምድጃ ላይ ያጎነበሰ ዓይን እንዲህ በዋዛ ያለቅሳል እንዴ? እሷም እንጨት ጨመረች።

«ለምን አልጠበቅሽኝም?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«አንድ ነገር እንኳ በራሴ ልሥራ ብዬ ነዋ» አለች።

ጊዜ የለም፤ ሌላ ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም። ከቡሬ ገዝቼ ላምጣ አልኳት፤ ሰው አያውቅም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መልሳ ወደ ጋኑ አዞረች። ደግሜ አላነሣሁትም።

በማግሥቱ ማኅበርተኛው ሞላ። የንስሐ አባቷ መሐል ተቀመጡ። ከሳቸው ቀጥሎ እኔ ከሁሉ አብልጬ የፈራኋቸው ጎረቤታችን ተቀመጡ፤ ከእናቴ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጡ ባልቴት ናቸው። እኒህ ሴትዮ የሰው ጠላ ነቅፈው አያውቁም። «ውኃችሁ ከየትኛው ምንጭ ነው? እንዴት ያለ ጥሩ ውኃ ነው» ካሉ ግን የዚያች ቤት ጠላ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ወሬው እሳቸው ቤታቸው ሳይደርሱ አገር ያዳርሳል። ዋንጫቸውን በመዳፋቸው ከከደኑ ደግሞ ሌላ ምንም ማለት አያስፈልጋቸውም።

ጸሎቱ አለቀ፤ ዳቦው ተባረከ። በወጉ ማንም ሳይጠጣ በፊት ጠማቂዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ፊት ለፊት ትቀምሳለች። እናቴ ከማሰሮው መዳፏ ላይ አንቆረቆረች። ሁሉም ያያታል። ወደ አፏ አላስጠጋችውም። እጇን ወደኔ ዘረጋችው፤ ጠላው በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል።

«ቅመሺና ንገሪኝ» አለች። «ሁሉም እንዲሰማ አድርገሽ።»

ከእናቴ መዳፍ ላይ ጠጣሁ። ሕፃን ሆኜ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያጠጣችኝን አላስታውስም። «ግሩም ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኖቿን አየሁ፤ ልመና የለባቸውም፥ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጭስ ይበዛዋል» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «አፍንጫዬ ከከዳኝ ቆይቷል። ጭሱን በዓይኔ ለክቼው ነው። ጠላዬን የምትጠጡ ጠጡልኝ። ተራዬን የምትወስዱም ካላችሁ፥ ደብቄ ከማቆየው ዛሬውኑ ውሰዱት።»

ማሰሮውን ከእጇ ተቀበልኩ። የንስሐ አባቷ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጎረቤታችን ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ። ቀዳሁላቸው። አንዴ ጎንጭ አሉና አቆዩት፤ ልክ እንደ ባለቤቴ፥ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ጭልጥ አድርገው ጠጡት። መዳፋቸውን ስጠብቅ ዋንጫውን መልሰው ዘረጉት።

«ጭሱስ በዝቷል» አሉ። «ዓይን ምን ያውቃል፥ ለምን አላስጠራሽኝም? ለሚመጣው ተራሽ ጋኑን ስታጥኚ እኔ መጥቼ አሸትልሻለሁ።»

ለሚመጣው ተራሽ አሉ። እናቴ ሰምታዋለች፤ ቶሎ ብላ ወደ ዳቦው ጎንበስ አለች፥ ለመቁረስ። እኔ የሁሉንም ዋንጫ እየዞርኩ ሞላሁ፤ ያን ዕለት የከደነ መዳፍ አላየሁም።

ሰው ከሄደ በኋላ ዋንጫዎቹን ሳጥብ እናቴ ጓዳ ገባች። ስትቆይብኝ ተከተልኳት። ጋኑን ዘንበል አድርጋ፥ ዱሮ እንደምታደርገው ፊቷን አፉ ውስጥ ከታ ታሸት ነበር። ቆየች፤ እንደገና ሳበች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው።

«ምንም አይለኝም» አለች።

ልይዛት እጄን ስዘረጋ ጋኑን በጣቷ አንኳኳችው።

«ግን ባዶ ነው፤ ጨርሰውልኛል» አለች።